ልጃቸው የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ለተነገራት እናት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

የ17 ዓመት ልጃቸው ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና እንድታደርግ ሐኪሞች ሐሳብ እንዳቀረቡላቸው ገልጸው ምክር ለጠየቁን የኮምቦልቻዋ እህታችን መልስ ለመስጠት የተነሣሁት፣ እዚህ አሜሪካ በነርስነት የምሠራ የደሴ ልጅ በመሆኔ ብቻ ሳይሆን የወንድሜ ልጅ በ18 ዓመቷ ይህንኑ ሕክምና ስላደረገች ጭምር ነው።

«እኛ በ77 በረሃብ ያለቅን ሰዎች የልጃችንን ሆድ እንዴት እናስቆርጣለን?» ያሉት ቃል ከአእምሮዬ አልጠፋም። እናቴ ከኮረም መጠለያ የተረፈች ናትና፣ የልጅ መወፈር በሽታ ሊሆን እንደሚችል ለእርሷ ማስረዳት ዓመታት ፈጅቶብናል። ስለዚህ ፍርሃትዎን አልንቀውም።

ዛሬ በብዛት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉን አውጥቶ ቀሪውን እንደ ቱቦ ማጥበብ ነው። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በአብዛኛው የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ ልጅቷ እየራባት በግድ የምትቀመጥ አይምሰልዎት። ቲን ላብስ የተባለው የአሜሪካ ጥናት በ19 ዓመታቸውና ከዚያ በታች የታከሙ 260 ወጣቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ ከ10 ዓመት በኋላ የክብደትና የቁመት ምጣኔያቸው በአማካይ 20 በመቶ ቀንሶ የተገኘ ሲሆን፣ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ከነበረባቸውም 55 በመቶው በሽታው ለቋቸዋል። «ካደገች በኋላ ይደረግላት» ለሚሉ ዘመዶችዎ ደግሞ የዚሁ ጥናት የ5 ዓመት ውጤት መልስ አለው፤ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በሚያገናኘው ሌላ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ከታከሙት መካከል፣ የስኳር በሽታው የለቀቃቸው ከወጣቶቹ 86 በመቶ ሲሆኑ፣ በጎልማሳነት ከታከሙት ግን 53 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እኔ የምፈራልዎት ሌላ ረሃብ ነው። በዚያው ጥናት ከወጣቶቹ 48 በመቶው በሰውነታቸው የተከማቸው ብረት አንሶ ተገኝቷል። የወንድሜ ልጅ ለትምህርት ወደ ሌላ ግዛት ስትሄድ የብረትና የቪታሚን እንክብሏን ተወች፤ እኛም በደወልን ቁጥር ስንት ኪሎ እንደቀነሰች ስንጠይቅ መድኃኒቷን መውሰዷን አንድም ቀን አልጠየቅናትም። ፀጉሯ ሲረግፍና ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ጥናት ያደከማት መስሎን ነበር። ደሟ ሲመረመር እጅግ አንሶ ስለተገኘ ብረት በደም ሥር ተሰጣት። ጥፋቱ የእኛ የቤተሰቦቿ ነው፤ እንክብሉና የደም ምርመራው እስከ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል መሆኑ ከመጀመሪያው ተነግሮን ነበርና።

ከቤታችን ልማድ ጋር የሚጋጩ ነገሮችም አሉ። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፣ እንክብሉን በቡና ሰዓት አትውሰድ፤ ከአቦሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። «በሞቴ» እያሉ የሚያጎርሷትን አክስቶች አስቀድመው ያነጋግሯቸው፤ የጠበበ ጨጓራ ጉርሻ አይችልም፣ ሳያቋርጥ የሚመጣ ትውከትም ቪታሚን ቢ1ን አሟጦ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። በእኛ አገር አንዱ ቤት ረመዳን፣ ሌላው ቤት ዐቢይ ጾም አለና ይህንንም አስቀድመው ከሐኪሞቿ ጋር ይምከሩበት፤ ውኃ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ይኖርባታል፣ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚገኘው ቢ12ም በረጅሙ ጾም ከምግቧ ይጠፋል። ለማንሳት ብናፍርበትም፣ ክብደት ሲቀንስ የማርገዝ ዕድል እንደሚጨምርና ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እርግዝና እንደማይመከር ልጅቷ ከእናቷ ብትሰማው ይሻላል።

እኔ ብሆን ቀዶ ሕክምናውን አልከለክላትም። ሐኪሙን ግን፣ ልጄ 18 ዓመት ሞልቷት ከሕፃናት ክፍል ስትወጣ ወይም ከተማ ስትቀይር ደሟን የሚከታተለው ማን ነው ብዬ ሳልጠይቅና ስሙን በወረቀት ሳልቀበል አልፈርምም። የወንድሜ ልጅ ከልጅዎ ጋር በስልክ ለመነጋገር ፈቃደኛ ናት፤ ሁለቱ ብቻቸውን ቢያወሩ የተሻለ ይመስለኛል።