ብሮውዘርን በአንድ ትእዛዝ ለብዙ ኮምፒውተር መጫን፦ ለትምህርት ቤትና ለኢንተርኔት ካፌ የሚሆነው መንገድ የቱ ነው?

የኮምፒውተር ክፍል ወይም ኢንተርኔት ካፌ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ከወንበር ወደ ወንበር እየዞራችሁ «ቀጥል»፣ «እስማማለሁ»፣ «ጨርስ» የምትሉበት ጊዜ ያሳዝነኛል። ሥራውን አንድ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ፋይል፣ ይሠራዋል። የእኔ ጥቆማ ይህ ነው፦ ሙሉውን የመጫኛ ፋይል አንድ ጊዜ አውርዱና ከፍላሽ ወይም ከጋራ ፎልደር ጫኑት። ለክሮም ኤምኤስአይ የተባለውን የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል፣ ለፋየርፎክስ ደግሞ ኢኤስአር የሚባለውን ለድርጅቶች የተዘጋጀ ዕትም ምረጡ።

«ሙሉውን» የምለው በምክንያት ነው። ከክሮም የፊት ገጽ የሚወርደው ትንሹ ፋይል ብሮውዘሩን በውስጡ አልያዘም፤ በተከፈተበት ኮምፒውተር ሁሉ ቀሪውን ከኢንተርኔት እንደገና ያወርዳል። በጥቅል ኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው ይህ ኪሳራ ነው፤ መስመሩ መሐል ላይ ከተቋረጠም ጭነቱ ይቀራል። ጉግል ለድርጅቶች ባዘጋጀው ገጽ የሚገኘው የኤምኤስአይ ፋይል ግን ከ100 ሜጋባይት በላይ ቢሆንም አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ትእዛዙ የሚጀምረው በዊንዶውስ ውስጥ ባለው ኤምኤስአይኤግዜክ በተባለው የመጫኛ ፕሮግራም ነው። «ስላሽ አይ» እና የፋይሉ ስም ይከተላሉ። «ስላሽ ኪውኤን» ምንም መስኮት እንዳይታይ ያደርጋል፤ «ስላሽ ኖሪስታርት» ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ እንዳይነሣ ይከለክላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ፦ ፍላሹ በአንዱ ኮምፒውተር ኢ፣ በሌላው ኤፍ ሆኖ ይመጣል፤ ስክሪፕቱ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሲከፈት ደግሞ ፋይሉን ከፍላሹ ላይ ሳይሆን ሲስተም 32 ከሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ መፈለግ ይጀምራል። መፍትሔው ከፋይሉ ስም በፊት ፐርሰንት፣ ቲልድ፣ ዲ፣ ፒ፣ ዜሮ ያለ ክፍተት መጻፍ ነው። ስክሪፕቱ ያለበት ፎልደር የትም ቢሆን ፋይሉ ይገኛል።

የአስተዳዳሪ ፈቃዱን አትርሱ። መስኮት እንዳይታይ ስላዘዛችሁ ዊንዶውስ ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም፤ ጭነቱ ይከሽፋል፣ እናንተ ግን ምንም አታዩም። በዝምታ የሚጫን ነገር ሲከሽፍም በዝምታ ነው። ስለዚህ ከመጫኛው መስመር በታች የኮምፒውተሩን ስምና ጭነቱ እንዴት እንዳለቀ የሚነግረውን ኤረርሌቭል የተባለውን ቁጥር ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል የምትጽፍ መስመር ጨምሩ። 0 ከሆነ ተጭኗል። 3010 ከሆነም ተጭኗል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሣት ብቻ ይቀረዋል። 1618 ሌላ ጭነት በዚያው ሰዓት እየተካሄደ መሆኑን ያሳያል፤ ጥቂት ጠብቆ መድገም ነው። 1603 ግን ምክንያቱን የማይነግር ጠቅላላ ስሕተት ነውና ዝርዝር መዝገብ ያስፈልጋል። «ስላሽ ኤል ኮከብ ቪ» ብላችሁ የመዝገቡን ፋይል ስም ከሰጣችሁ እያንዳንዱ እርምጃ ይጻፍላችኋል። ይህን የማያደርግ ስክሪፕት፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርለትም፣ ለማንም አልመክርም።

ፋየርፎክስ እንደ ክሮም የኤምኤስአይ ፋይል አለው። ተራው የመጫኛ ፋይሉም ከኋላው «ስላሽ ኤስ» ሲጨመርለት ያለ ጥያቄ ይጫናል፤ ኤስን በትልቁ ፊደል ጻፉት። ኢኤስአርን ለትምህርት ቤት የምመርጠው ትልልቅ ለውጦች የሚመጡበት በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ስለሆነና በመካከሉ የደኅንነት ጥገናዎች ስለማይቋረጡበት ነው። በዚያ ላይ ፖሊሲስ የተባለውን የጄሶን ፋይል (ቅንብሮች የሚጻፉበት የጽሑፍ ፋይል) ፋየርፎክስ በተጫነበት ቦታ ዲስትሪቢዩሽን በሚባል ፎልደር ውስጥ ብታስቀምጡ፣ መነሻ ገጹንና የተከለከሉትን ቅንብሮች ለሁሉም ተጠቃሚ በአንዴ ይወስናል። ሰርቨር ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ክሮም ቅንብሮቹን የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ ከሆነው ከሬጅስትሪ ያነባል፤ ትንሽ ይከብዳል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ መልካም ነገር አለው፦ አፕሊኬሽን ሎኬል ቫልዩ የሚባለውን ፖሊሲ (አስተዳዳሪ የሚወስነውን ቅንብር) በአማርኛ ኮድ፣ ማለትም በኤ እና ኤም ፊደላት፣ በስክሪፕቱ ከሞላችሁት ምናሌው ሁሉ በአማርኛ ይመጣል። ለታናናሽ ተማሪዎች ይህን ማድረግ በጣም ይጠቅማል።

ፕሮግራሞችን ከኢንተርኔት አውርዶ በትእዛዝ የሚጭነው የማይክሮሶፍቱ ዊንጌትም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ በአንድ መስመር ይጫናል። ስምምነቶቹን አስቀድመው የሚቀበሉትን ሁለት አማራጮች ካልጨመራችሁ ግን ሊጠይቃችሁ ሊቆም ይችላል። ችግሩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ለራሱ ማውረዱ ነው፤ ሃያ ኮምፒውተር ባለበት ክፍል ከሁለት ጊጋባይት በላይ ይሄዳል። ገደብ የሌለው ፋይበር ላለው መሥሪያ ቤት ተገቢ ነው። ቾኮሌቲ የተባለው ሌላ መሣሪያም አጠቃቀሙ ተመሳሳይ ነው። ብዙ ፕሮግራሞችን በአንዴ የሚጭነው ናይናይት በነፃ የሚሰጠው ለቤት አገልግሎት ብቻ ስለሆነ ለካፌና ለትምህርት ቤት አይሆንም። የማይክሮሶፍት ብሮውዘር ኤጅ ከዊንዶውስ ጋር ስለሚመጣ መጫን አያስፈልገውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የተሠራውም እንደ ክሮም ክሮሚየም በተባለው የብሮውዘር መሠረት ላይ ነው።

አሁንም ዊንዶውስ 7 ያላችሁ፣ ለእናንተ የመጨረሻው ክሮም 109፣ የመጨረሻው ፋየርፎክስ ደግሞ ኢኤስአር 115 ነው። አዲሱን ፋይል በግድ ለመጫን አትድከሙ።

ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ብቻ አውርዱ፤ በቴሌግራም ቻናል ወይም ከሰው ፍላሽ ወደ ሰው ፍላሽ ሲዞር የመጣ መጫኛ አትቀበሉ። በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሮጥ ፋይል ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ያዝዛል። ከመጠቀማችሁ በፊት በፋይሉ ባሕርያት መስኮት ውስጥ ዲጂታል ፊርማው የጉግል ወይም የሞዚላ መሆኑን እዩ።

የተጫነውን ብሮውዘር ነባሪ (ሊንክ ሲነካ በራሱ የሚከፈት) ማድረግ ለብቻው ሥራ ነው፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 የመጫኛ ትእዛዙ ይህን እንዲወስን አይፈቅዱም። ዲስም በሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የነባሪ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ማስገባት ይቻላል፤ የሚሠራው ግን ከዚያ በኋላ ለሚከፈቱ አዳዲስ አካውንቶች ነው። ስለዚህ የተማሪዎቹን አካውንት ከመክፈታችሁ በፊት አድርጉት።