«ቪነስ»ን በመጀመሪያ ያዜመችው ሆላንዳዊት ማን ነበረች?

ጥያቄ፤ ድምፃዊት ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም። በከተማችን በአንድ ሆቴል ከባንድ ጋር እዘፍናለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጎልማሳ እንግዶች ደጋግመው ከሚያዙን የውጭ ዘፈኖች አንዱ «ቪነስ» ነው። መጀመሪያ የዘፈነችው ሆላንዳዊት መሆኗን ኪቦርድ ተጫዋቻችን ቢነግረንም፣ ስሟን የሚያውቅ ከመካከላችን አልተገኘም። ማን ነበረች? ዘፈኑ ዓለምን ሲያዳርስ የእርሷ ስም ስለምን ወደ ኋላ ቀረ?

መልስ፤ ከአንኮበር

እህቴ፣ የምትጠይቂያት ማሪስካ ቬሬስ ትባላለች። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) የተወለደችው በ1947 በሄግ ከተማ ነው፤ አባቷ ከሃንጋሪ የመጣ፣ ሮማ (ጂፕሲ) ከሚባለው ሕዝብ የተወለደ ቫዮሊን ተጫዋች ስለነበር፣ የአዝማሪ ልጅ ከመሲንቆው ሥር እንደሚያድገው ሁሉ እርሷም ከአባቷ ኦርኬስትራ ጋር እያዜመች አደገች። ሾኪንግ ብሉ የተባለውን ባንድ ጊታሪስቱ ሮቢ ቫን ሌዌን በ1967 ሲያቋቁም ዘፋኙ ወንድ ነበር፤ በ1968 ማሪስካ በእርሱ ቦታ ከገባች በኋላ ግን የባንዱ መልክም ድምፅም እርሷ ሆነች። በጊዜው የተቀረጹትን ምስሎች ብታዪ፣ ዓይኗን ተኳኩላ፣ ረጅም ጥቁር ፀጉሯን ለቅቃ፣ ብዙም ሳትወዛወዝ ቆማ ስትዘፍን ታገኛታለሽ፤ ድምፅዋ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው።

«ቪነስ» በ1969 ወጥቶ በፌብሩዋሪ 1970 በአሜሪካ የቢልቦርድ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ከሆላንድ ተነሥቶ እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው ባንድ ሾኪንግ ብሉ ነው። በ1974 ከባንዱ ተለይታ ለብቻዋ ብትሠራም የቀድሞውን ዝና አላገኘችም። በ1990ዎቹ ወደ ጃዝ ዘንበል ብላ ነበር። ዲሴምበር 2 ቀን 2006 በካንሰር ሕመም በ59 ዓመቷ ዐረፈች።

መልስ፤ ከሸዋ ሮቢት

የሕይወት ታሪኳ በሚገባ ተነግሯል፤ የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ግን ገና አልተነካም። በእኔ አስተያየት ስሟ ወደ ኋላ የቀረው ዘፈኑ የእርሷ ንብረት ስላልነበረ ነው። በእኛ አገር ስም የሚወጣው ለድምፃዊው ሲሆን፣ ገጣሚውና ዜማ ደራሲው ከካሴቱ ሽፋን ጀርባ በደቃቅ ፊደል ይቀራሉ፤ በማሪስካ ላይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነው። ግጥሙም ዜማውም የቫን ሌዌን ነው። የአሳታሚነት መብቱን የያዘው ቪለም ቫን ኮተን ደግሞ በአንድ ሙዚቃ ቤት ያለ ፈቃድ ከብዙ ዘፈኖች ቁራጮች የተቀጣጠለ የዳንስ ቅጂ ሲጫወት ቢሰማ የራሱን «ቪነስ» ስላገኘበት፣ ከመክሰስ ይልቅ ሕጋዊውን ቅጂ ራሱ አሠራ። «ስታርስ ኦን 45» የተባለው ያ ቅጂ በ1981 በአሜሪካ አንደኛ ወጣ፤ የማሪስካ ድምፅ ግን በውስጡ የለም። በ1986 ባናናራማ የተባሉ ሴት ዘፋኞች «ቪነስ»ን እንደገና ሠርተውት ዳግመኛ አንደኛ ሲሆንም የቀደመው ድምፅ የማን እንደነበረ የጠየቀ ጥቂት ነው። በ1990ዎቹ በሾኪንግ ብሉ ስም ተመልሳ መድረክ ለመውጣት እንኳ የቫን ሌዌን ፈቃድ አስፈልጓት ነበር፤ እርሱም ፈቅዶላታል።

መልስ፤ ከይፋት

ወንድሜ ከሸዋ ሮቢት የጻፍከውን በአብዛኛው እቀበለዋለሁ፤ ነገር ግን ቫን ሌዌንንም ብቸኛ ባለቤት ማድረግ ይከብዳል። ዘ ቢግ ስሪ የተባሉ አሜሪካውያን በ1963 የሠሩትን «ዘ ባንጆ ሶንግ» አድምጠው፤ የጊታር መግቢያውና የዜማው አወራረድ ከ«ቪነስ» ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ሌላም ልጨምር፤ የእኛው የይፋቱ ሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን ሲያወጣ፣ በሽፋኑ ላይ ከባንዱ አስቀድሞ የተጻፈው የእርሱ ስም ነው። ዘፋኝም ሆነ ተጫዋች መድረክ ከመውጣቱ በፊት ስሙ የት እንደሚጻፍ መዋዋል የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ድምፃዊት ከደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከ«ቪነስ» ሌላ ለእኛ ባንድ የሚሆን ሥራዋ የትኛው ነው?

መልስ፤ ከአንኮበር

በአገሯ «ማይቲ ጆ» እና «ኔቨር ሜሪ ኤ ሬይልሮድ ማን» አንደኛ ወጥተው ነበር። እኔ ግን «ላቭ በዝ»ን እመርጥልሻለሁ፤ ኒርቫና የተባሉት አሜሪካውያን ሮክ ተጫዋቾች በ1988 የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈናቸው ያደረጉት እርሱን ነው። ሁሉ ነገር የተሠራው በቤዝ ጊታሩ ምልልስ ላይ ስለሆነ፣ ቤዝ ተጫዋቻችሁ አስቀድሞ ለብቻው ይለማመደው፤ አንቺም ድምፅሽን ወደ ላይ ሳታወጪ ዝቅ አድርገሽ ያዢው።