ሱሉልታ ላይ ለአንድ መኝታ ቤት የትኛው ሂተር ይሻላል? እናቴ ከድሬ መጥታ በብርድ አለቀች

የድሬው ልጅ፣ ኅዳር 21

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ፣ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ የገባው። ቤቱ ብሎኬት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ሳሎኑና አንዱ መኝታ ቤት ኮርኒስ አላቸው። ሁለተኛው መኝታ ቤት ግን ብር ሲያልቅ «በኋላ ይደርሳል» ተብሎ የቀረ ነው። እዚያ ክፍል ተጋድማችሁ ቀና ብትሉ የቆርቆሮውን ሚስማር መቁጠር ትችላላችሁ።

እናቴ ጥቅምት ላይ ከድሬዳዋ መጣች። ዓይኗን ልትታከም ነው። ሐኪሙ ለጥር ስለቀጠራት እኛ ጋ ነው የምትከርመው። 71 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ዕድሜዋን ሙሉ ድሬ የኖረች ሴት ናት፤ ቀዝቃዛ ሲባል የምታውቀው አምቦ ውሃ ነው። በመጣች በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩታ «ልጄ፣ ይሄ ቤት ነው ፍሪጅ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጠዋት ጓሮ ስወጣ ጎመኑ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ስገባ በሯን ዘግታለች። የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወትፋ፣ የቡናውን ከሰል ምድጃ አልጋው አጠገብ አስቀምጣ ተጋድማለች። «ራሴን አመመኝ» ትላለች። በጣም ደነገጥኩ። በሩንም መስኮቱንም በረገድኩት፣ ምድጃውን አወጣሁት። ተቆጣችኝ።

በማግስቱ ከሥራ ባልደረባዬ ሂተር ተዋስኩ። ፋን ያለው ነው፣ 2,000 ዋት ይላል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ፣ እሱም በሩ ጥግ ስለሆነ በኤክስቴንሽን ሰካሁት። ሁለት ቀን ሠራ። ቅዳሜ ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር ብሬከሩ ዷ አለና ቤቱ ጨለመ። ምጣዱ ላይ የነበረው እንጀራ ዓይኑን ሳያወጣ ቀረ። ሄጄ ሂተሩን ልነቅል ስል አልነቀል አለኝ። የኤክስቴንሽኑ ላስቲክ ቀልጦ ከሂተሩ ጥርስ ጋር ተጣብቋል። ዙሪያው ቡናማ ሆኗል፣ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

አሁን የራሴን ልግዛ ብዬ ሱቅ ዞርኩ። አንዱ «የዘይቱን ውሰድ፣ መብራት አይበላም» ይለኛል። ሌላው ሽቦው ፍም መስሎ የሚቀላውን እያሳየ «ቀዩ ነው የሚያሞቀው» ይላል። ሦስተኛው «ለምን አንዴ ኤሲ ገጥመህ አትገላገልም» አለኝ። ሁሉም ያለውን ነው የሚያመሰግነው። ክፍሉ 4 በ4 ነው። ቆጣሪው የካርድ ነው። ማታ ማታ ኃይል ይወርዳል፣ አምፖሉ ይፈዛል። የተጠቀመበት ሰው ቢመክረኝ።


ባለጋቢው፣ ኅዳር 21

ጋቢ ደርብላቸው ወንድሜ። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ በምን አደግን?


የድሬው ልጅ፣ ኅዳር 21

ሁለት ደርባለች። አንዱ ያንተ ቢሆን አመሰግናለሁ።


ገመድ ዘርጊ፣ ኅዳር 22

እናትህን እግዜር ይማርልህ። እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራው ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል። በቅደም ተከተል ልንገርህ።

ያንን ኤክስቴንሽን ጣለው። ጫፉን ቆርጠህ ሌላ ልትቀጥልበት እንዳትሞክር።

አሁን ሒሳቡን እይ። 2,000 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ነው። ምጣድህ 3,500 ዋት ከሆነ 16 አምፔር ይጎትታል። ሁለቱን ደምር፣ 25። እሱ ላይ ፍሪጁና አምፖሉ አለ። ስለዚህ ብሬከሩ መውደቁ ሥራውን ሠራ ማለት ነው፣ አመስግነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሶኬቱ ነው። ኤክስቴንሽኑ ሲቀልጥ እኮ ብሬከሩ አላወቀም። ሂተሩ የሚጎትተው ያው 9 አምፔር ነው። ውስጡ ያለው ብረት ላልቶ በደንብ ስላልያዘ ነው እዚያው የጋለው። ይሄ በጣም የማየው ነገር ነው። ሰው «ብሬከር አለኝ» ብሎ ይተኛል፣ ግድግዳው ላይ ሶኬቱ እየበሰለ።

«የዘይቱ መብራት አይበላም» የሚባለው የሻጭ ወሬ ነው። ፋን ያለው 2,000 ዋት፣ የዘይቱ 2,000 ዋት፣ ቀዩ 2,000 ዋት፣ በአንድ ሰዓት ሁሉም ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚበሉት። የሚሰጡት ሙቀትም እኩል ነው። ልዩነቱ ሙቀቱን የት ያደርሱታል፣ ስታጠፋቸውስ ምን ይሆናል የሚለው ላይ ነው። ፋን ያለው ቶሎ ያሞቃል፣ ስታጠፋው ደግሞ በዚያው ደቂቃ ያልቃል፣ ይጮሃል፣ አቧራ ያነሳል። ቀዩ እንደ ፀሐይ ነው፤ አየሩን ትቶ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው የሚያሞቀው። ሳሎን ቁጭ ብለህ ቴሌቪዥን ለማየት ጥሩ ነው፣ ለሚተኛ ሰው ግን አላምነውም፤ ብርድ ልብስ ሊወድቅበት ይችላል። የዘይቱ ለመጋል ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከጋለ በኋላ ግን ቢጠፋም ብረቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ድምፅ የለውም። ዘይቱ የታሸገ ነው፣ እንደ ነዳጅ ነድዶ አያልቅም፣ አይሞላም። ለመኝታ ቤት እኔ እሱን ነው የምለው።

ግን ስማኝ። የዘይቱም ቢሆን ክፍሉ ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋው ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ከቀረ ነው። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ሙቀቱ ወጥቶ ቆርቆሮውን ነክቶ ይሄዳል። ሂተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል፣ ካርድህ ያልቃል፣ እናትህም አይሞቃቸውም። ሱሉልታን ነው የምታሞቀው። ስለዚህ ብር ካለህ መጀመሪያ ኮርኒሱን ምታ። ኮርኒስ ካለው 4 በ4 ክፍል 1,500 ዋት ይበቃዋል።

ኃይል ይወርዳል ብለሃል። ቮልቴጁ 180 ላይ ሲደርስ 2,000 የተባለው ሂተር ወደ 1,300 ገደማ ይወርዳል። ሂተሩ አይበላሽም፣ ሙቀቱ ብቻ ይቀንሳል። ኤሲ ከሆነ ግን ኮምፕረሰር አለው፤ የሚወጣና የሚወርድ ኃይል ይጎዳዋል፣ ስታቢላይዘር ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር መብራት በመቆጠብ ኤሲን የሚያህል የለም። ሙቀቱን ራሱ ከማመንጨት ከውጭ አየር ስቦ ስለሚያስገባ፣ አንድ ኪሎዋት በልቶ ሁለትም ሦስትም ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ግን ሁሉም ኤሲ አያሞቅም፣ ማቀዝቀዝ ብቻ የሚችል አለ፤ ሳትጠይቅ እንዳትገዛ። ደግሞ ለአንድ ክፍልና ለሦስት ወር እንግዳ ግድግዳ መብሳት እኔ አይታየኝም።

የመጨረሻው ነገር፣ ያ ሶኬት ከየት መስመር እንደመጣ ሰው ጠርተህ አስፈትሽ። በኋላ የተጨመረ ሶኬት ብዙ ጊዜ ከአምፖል መስመር ነው የሚሳበው፣ ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ለሂተር ከቦርዱ ለብቻው የወጣ 2.5 ሽቦ፣ የራሱ 16 አምፔር ብሬከር፣ ግራውንድ ያለው ሶኬት። ሠራተኛው «ብሬከሩን በትልቅ ልቀይርልህ» ካለህ ሸኘው። ሽቦው ሳይቀየር ብሬከር ማሳደግ ማለት ዘበኛውን ማስከር ነው።


ሲስተር ከቡራዩ፣ ኅዳር 22

ነርስ ነኝ። ስለ ሂተር አላውቅም፣ ስለ ሁለት ነገር ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንደኛ፣ እናትህን ራሳቸውን ያመማቸው ብርዱ ላይሆን ይችላል። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ሰው «ጭሱ ጠፍቷል፣ ፍም ሆኗል» ብሎ ያስገባዋል፤ የሚያዘናጋውም ይሄው ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የተኛው ሳይነቃ ይቀራል። ያን ቀን አምሽተህ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አንተው አስበው። ከሰሉ ለቡና፣ እሱም በር ተከፍቶ።

ሁለተኛ፣ ስኳር አለባቸው ብለሃል። ስኳር ሲቆይ እግር ሊደነዝዝ ይችላል። ቀዩን ሂተር እግራቸው ሥር ብታስጠጋላቸው ቆዳቸው እየተቃጠለ ላይሰማቸው ይችላል። የሞቀ ውሃ ላስቲክ እግራቸው ሥር አድርገው ተኝተው የተቃጠሉ እናት አጋጥመውኛል። ልጃቸው ጠዋት ካልሲያቸውን ሲያወልቅላቸው ነው የታወቀው፤ እሳቸው ምንም አላሉም ነበር። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ልግዛ ካልክም ያው ነው። አልጋውን ቀድመህ አሙቀው፣ እሳቸው ሊገቡ ሲሉ ንቀለው። በየማታው እግራቸውን በዓይንህ እይላቸው።


4ኛ ፎቅ የካ አባዶ፣ ኅዳር 23

እኔ ሁለቱንም ገዝቼ አይቻለሁ። ፋን ያለው ለመታጠቢያ ቤት ነው፣ ልጅ አጥበህ እስክታለብስ። አቧራ ጠጥቶ ከርሞ ስትከፍተው የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ለመኝታ ቤት የዘይቱን ነው የያዝኩት፤ ማታ 2 ሰዓት ከፍቼ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አጠፋዋለሁ፣ እስክንተኛ ይበቃናል።

ሒሳቡን ግን አስብበት። 1,500 ዋት በቀን አራት ሰዓት ብትሠራበት 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 180። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሰባት እርከን አለው። ትንሽ ለሚጠቀመው ርካሽ ነው፣ ከ500 በላይ ሲሆን ጣራው ላይ ነው። ምጣድና ቦይለር ካለህ 180 ተጨምሮበት እርከኑን ይዘልልሃል። ከ2017 መስከረም ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው። ባሌ መጀመሪያ ካርዱ ሲያልቅ ሌባ ሽቦ የቀጠለብን መስሎት ፖሉን ሲያይ ነበር የሰነበተው።


የድሬው ልጅ፣ ታኅሣሥ 12

የገባሁበትን ልንገራችሁ፣ ጠይቆ የሚጠፋ ሰው ያናድደኛል።

ገመድ ዘርጊ ያለው በሙሉ እውነት ሆነ። ሠራተኛ ጠርቼ ሶኬቱን ሲፈታው ከአምፖሉ መስመር የተቀጠለ ቀጭን ሽቦ ነው። መጋጠሚያው በፕላስተር የተጠቀለለ፤ የኤሌክትሪክ ፕላስተር እንዳይመስላችሁ፣ የካርቶን! ቤቱን ሲሠራ ሽቦውን የዘረጋው ሰው ብሩን ሙሉ ነው የወሰደው። ይሁን። ከቦርዱ አዲስ 2.5 አስዘረጋሁ፣ ሶኬቱን አልጋው ፊት ለፊት ወዳለው ግድግዳ አዞርኩት።

ከዚያ ኮርኒሱ። ቺፑድ ነው ያስመታሁት። አናጺው መሰላል ላይ ወጥቶ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን ቦታ ሲያሳየኝ አፈርኩ። እጅ ያስገባል። ለካ እናቴ የምታሞቀው ክፍሉን ሳይሆን ነፋሱን ነበር። እሱንም ደፈንነው። ሂተር ሳልገዛ ያን ሌሊት ብቻ ልዩነቱ ታወቀ።

የገዛሁት የዘይቱን ነው፣ 1,500 ዋት። የግድግዳ ሰዓቴ ሙቀት ያሳያል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ 12 ዲግሪ ነበር፣ 4 ሰዓት ላይ 19 ሆነ። ባለቤቴ እንጀራ የምትጋግር ቀን አይከፈትም፣ ተስማምተናል። ትናንት ማታ ደግሞ መብራት ሄደ፣ ሂተሩ ግን እጄን ሳስጠጋ ለብ እንዳለ ቆየ።

እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም። «እሳቱ አይታይ፣ አይጮህ፣ ምኑን ነው የምሞቀው?» አለች። መዳፏን አስጠግታ እስክታረጋግጥ ተበላሽቷል ብላ ነበር። አሁን ወንበሯን አጠገቡ አስቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛ ታመሻለች። ሲስተር፣ እግሯን በየማታው አያለሁ፣ ደህና ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ነጠላዋን ሂተሩ ላይ ዘርግታ አሙቃ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው።


ገመድ ዘርጊ፣ ታኅሣሥ 12

ነጠላውን ከላዩ ላይ አንሳ። አሁኑኑ። ጨርቅ ሲለብስ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ከልክ በላይ ይግላል። ወንበር ላይ ዘርግታ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብታደርገው ይሞቅላቸዋል።


የድሬው ልጅ፣ ታኅሣሥ 12

አነሳሁት። ተቆጣችኝ።