ማንግሮቭ ሥር የሚከማቸውን ደለልና ካርቦን እንዴት እንለካ?

ጥያቄ
ቦታው ኬንያ፣ ጋዚ የባሕር ወሽመጥ ነው፤ ማንግሮቭ የባሕር ውኃ በሚደርስበት ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። የደለሉን ዓመታዊ ጭማሪና እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ያለውን ካርቦን መለካት እንፈልጋለን። ለደለሉ ነጭ የፌልድስፓር (የድንጋይ ማዕድን) ዱቄት ምልክት እንዲሆን ማፍሰስ ብቻ ይበቃል? የካርቦን መተንተኛ ማሽን የለንም፤ ናሙናውን አቃጥሎ መመዘንስ ያስኬዳል?

መልስ 1
ዱቄቱ ብቻውን አይበቃም። ከላዩ የተጫነውን ደለል ያሳያል እንጂ ከታች ሥሩ በስብሶ ወይም ጭቃው ተጨምቆ መሬቱ ዝቅ ቢል አያውቀውም። አር-ሴት የሚባለውን የከፍታ መለኪያ አብራችሁ ትከሉ። የአይዝጌ ብረት ዘንግ አልገባም እስኪል ይመታል፤ አናቱ በሲሚንቶ ይያዛል። ዘንጉ ላይ የሚገጠመው ክንድ በ4 አቅጣጫ ይዞራል፣ በየአቅጣጫው መሬቱን የሚነካ 9 ፒን (ቀጭን ዘንግ) ይወርዳል፤ 36 ንባብ ማለት ነው። ፒኑ ሥር ላይ ወይም የሸርጣን ጉድጓድ ውስጥ ካረፈ እዚያው መዝግቡት፤ ኋላ ቢሮ ሆኖ መለየት አይቻልም። ሳንቃ ላይ ቆማችሁ ለኩ፣ የተረገጠ ጭቃ ቁጥሩን ያበላሻል።

ዱቄቱ 50 በ50 ሴ.ሜ ቦታ ላይ፣ 1 ሴ.ሜ ያህል ውፍረት፣ ውኃው ሲሸሽ ይፈሰስ። ሸርጣን የበዛበት ቦታ ነጩን መስመር ገልብጦ ያጠፋዋል።

መልስ 2
ስለ ካርቦኑ፦ በመዶሻ የሚመታ ቱቦ ጭቃውን ይጨምቃል፤ ጥልቀቱም እፍግታውም ይሳሳታል። ጎኑ ክፍት የሆነ የናሙና ማውጫ ተጠቀሙ። ከ0–15፣ 15–30፣ 30–50 እና 50–100 ሴ.ሜ እያንዳንዱ መሀል 5 ሴ.ሜ ቁረጡ። በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁ፤ እፍግታው ደረቁ ክብደት ሲካፈል ለእርጥቡ ይዘት ነው። ደረቁን ይዘት የሚጠቀም ሰው ካርቦኑን ያጋንነዋል።

ማቃጠሉ ያስኬዳል፣ በ450 ዲግሪ። ግን የጠፋው ክብደት ሁሉ ካርቦን አይደለም፤ ከፊሉ ሸክላው የያዘው ውኃ ነው። ጥቂት ናሙና ማሽን ወዳለው ላቦራቶሪ ልካችሁ የራሳችሁን ቀመር አውጡ። የሚላከው በአሲድ ይታጠብ፣ አለበለዚያ ማሽኑ የዛጎልና የኮራሉን ካርቦን አብሮ ይቆጥረዋል።

ስሌቱ፦ እፍግታ 0.5 ግራም በሴ.ሜ ኩብ፣ የንብርብሩ ውፍረት 50 ሴ.ሜ (ከ50–100 ያለው)፣ ካርቦን 6% ቢሆን 1.5 ግራም በሴ.ሜ ካሬ፤ በ100 ሲባዛ 150 ቶን በሄክታር። የአራቱም ንብርብር ይደመራል።

መልስ 3
ይህ ክምችት ነው፣ ዓመታዊ ቀብር (በየዓመቱ ጭቃው ውስጥ የሚቀበር ካርቦን) አይደለም። ለቀብሩ ሊድ-210 (በተፈጥሮ የሚገኝ ጨረር አመንጪ እርሳስ) መለካት ያስፈልጋል፤ ግማሽ ዕድሜው (መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 22 ዓመት ስለሆነ 100 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ያሳያል። ሸርጣን ባመሰው የላይኛው ክፍል የሊድ-210 መጠን ወደ ታች ሳይቀንስ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ ይህን ክፍል ከስሌቱ አውጡት፣ ካልሆነ ደለሉ ከእውነቱ የፈጠነ ይመስላል።