ጥቆማ፦ የሚሄድብንን ቀለም የት ሄደን እንምረጥ?

የእህቴ ልጅ ጥር ላይ ሚዜ ናት። ሚዜዎቹ አራት ናቸው። አንዷ ብስል ቀይ፣ ሁለቱ ጠይም፣ አንዷ ጥቁር ቆንጆ። ሙሽራዋ ለሁሉም አንድ ቀለም መርጣለች፤ ፈዛዛ ሮዝ። «አክስቴ፣ እኔን እኮ አመድ የተነፋብኝ ነው የሚያስመስለኝ፤ የት ሄጄ ሌላ ልይ?» አለችኝ። ስለ ልብስ ተጠይቄ ዝም ማለት አልችልም። ሁለት ቅዳሜ ይዣት ዞርኩ። ሌላም ሰው ይጠቀምበት ብዬ ነው ያየሁትን የምጽፈው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ቀለም የሚመረጠው «ቀይ ስለሆንሽ ጥቁር ይሄድብሻል፣ ጠቆር ስላልሽ ነጭ ልበሺ» እየተባለ ነው። ይኼ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሰው። ሁለት ጠይም ሴቶችን ጎን ለጎን አቁሟቸው። የአንዷ ቆዳ ከስሩ ወደ ወርቅ ይሄዳል፣ የሌላዋ ወደ ቀላ ያለ። የመጀመሪያዋ የሸክላ ቀለም ስትለብስ ፏ ትላለች፤ ሁለተኛዋ እዚያው ልብስ ውስጥ ትጠፋለች። ቀይ ከምንላቸው ውስጥም ከስር የወይራ ዓይነት አረንጓዴ ያለበት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሰናፍጭ ቢጫ ከለበሰ ትናንት ከወባ የተነሳ ይመስላል። ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቦርዶ ስጡትና ፊቱን እዩት።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ሁለት ነጠላ ፈልጉ። አንዱ ያልነጣ፣ ክሬም መልክ ያለው ፈትል ይሁን። ሌላው በረዶ የመሰለ ነጭ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ሜካፕ ሳትቀቡ በር ላይ ቁሙና ተራ በተራ አገጫችሁ ስር ያዙት። ልብሱን ሳይሆን ከዓይን ስር ያለውን ጥላ ተመልከቱ። ጨርቅ ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፣ የራሱንም ቀለም ይዞ ነው የሚመልሰው። በአንዱ ጥላው ይገንናል፣ በሌላው ይለሰልሳል። ክሬሙ ካለሰለሰው የወርቅ ወገን ናችሁ፣ ነጩ ካለሰለሰው የብር። በእጅ አንጓ ላይ የደም ሥር አይቶ መለየት የሚባለውን እርሱት፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ በደንብ አይለይም። የሚሄድበትን ቀለም ለመምረጥ ሰውን በአራት ወቅት የሚከፋፍለው የፈረንጆች ዘዴም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲስፋፋ ጥቁር ሕዝብን በጅምላ ማለት ይቻላል «ክረምት» ውስጥ ነበር የከተተው። ክረምት ለእኛ ጭቃ ነው፣ ምን አገናኘን!

አሁን ወደ ገበያው። እኔ የማስቀድመው ሽሮ ሜዳን ነው። ምክንያቴ ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ሱቆቹ መንገድ ላይ ስለሆኑ ልብሱን ይዛችሁ ሁለት እርምጃ ብትወጡ ፀሐይ አለ። ውስጥ ያለው ካርቶኑ ላይ 6500 የሚል የተጻፈበት ነጭ አምፖል ነው፣ ሁሉን ነገር ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። አንዷ ባለሱቅ ልጅቷን መስታወት ፊት አቁማ «የኔ ቆንጆ፣ ተሠርቶልሽ» አለቻት። ሐምራዊ ጥለት ነበር። ውጪ ስናየው የልጅቷ ከንፈር ጠቁሮ ታየ። ለባለሱቅ «ይሄድብኛል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አይሄድብሽም» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። «ይዤው ልውጣ?» ብቻ በሉ። ፊቷን የምታጠቁር ካለች ቀጣዩ ሱቅ አለ።

ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ጥለቱን ለሸማኔ ማዘዝ ከሁሉም ይሻላል። ክሩን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። እዚያ ያሉት አብዛኞቹ ሸማኔዎች ከጋሞ የመጡ ናቸው፣ ስለ ቀለም የሚያውቁትን እኔ አላውቅም። አንድ አባት አረንጓዴ ክር ከነጭ ማግ ጋር ጣታቸው ላይ ጠቅልለው አሳዩኝ፤ ብቻውን ጠቁሮ የነበረው ክር ነጩ ውስጥ ሲገባ ፈካ አለ። «ከምትፈልጊው አንድ ደረጃ ጠቆር ያለውን ውሰጂ፣ ልጄ» አሉኝ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ አገሩ ሁሉ ታኅሣሥ ላይ ስለሚያዝዝ ግን ቀደም በሉ። ቀይ ጥለት ከሆነ እርጥብ ሶፍት አሹበት፤ ቀለም ከለቀቀ ተዉት።

መርካቶ ይረክሳል፣ ግን ሸራውን ተጠንቀቁ። በሰማያዊ ሸራ ስር የተመረጠ ልብስ ቤት ሲደርስ ሌላ ነው። ሂጃብና ሻሽ ግን አንዋር መስጊድ አካባቢ እዩ። ፊትን የሚከበው እሱ ስለሆነ ከቀሚሱ ይልቅ እሱ ላይ መጨነቅ ያዋጣል። የሚሄድባችሁን ቀለም ሻሽ ካገኛችሁ የማይሄድባችሁንም ቀሚስ ያድነዋል።

ሰልባጅ ለእኔ መማሪያ ቤት ነው። በአንድ ሰዓት ሃያ ቀለም አገጭ ስር ይዞ ማየት የሚቻለው እዚያ ብቻ ነው። ባትገዙም የሚቆጣችሁ የለም፤ ቢቆጣም ቀጥሎ ያለው ይጠራችኋል። አብራን የነበረችው ጥቁሯ ሚዜ ደማቅ ሰማያዊ ሸሚዝ ፊቷ ላይ ስታደርግ ሦስታችንም ዝም አልን። ቡናማው ግን ከቆዳዋ ጋር ተመሳስሎ ዋጣት።

ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ቡቲኮች አልመክርም። አንዱ ጋ በቢጫ መብራት የኮክ ቀለም ቀሚስ ገዝቼ ሰርግ ሄጄ ነበር። ፎቶው ላይ ሆስፒታል የገባሁ ነው የምመስለው። መግዛት ካለባችሁ መመለስ እንደሚቻል አስቀድማችሁ ተስማሙ።

በቴሌግራም የምታዙ፣ በተለይ ከአሜሪካና ከዓረብ አገር ሆናችሁ የምትልኩብን፣ ፎቶ አትቀበሉ። በር ላይ፣ ያለ ፊልተር፣ ልብሱ አጠገብ ነጭ ወረቀት ተይዞ የተቀረጸ ቪዲዮ ጠይቁ። ወረቀቱ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ ልብሱም ቀለሙን እየዋሸ ነው። ፊት አንስቶ «ቀለምሽ ይኼ ነው» የሚለው አፕ ደግሞ ስልኩ ቆዳውን አንጥቶ ባነሳው ፎቶ ስለሚፈርድ እኔን ጠዋትና ማታ ሁለት ሰው አድርጎኛል።

ሮዙስ? ለአራቱም ከአንድ ቤት የወጣ ጠቆር ያለ ሮዝ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚጠጋ፣ ሽሮ ሜዳ አገኘን። ነጠላው ለሁለቱ ክሬም፣ ለሁለቱ ነጭ። በር ላይ አራቱንም አቁመን አየናቸው፤ አንዷም አልጠፋችም። ቀብድ ከፍለናል። ሙሽራዋ ገና አልሰማችም፤ እሁድ ቡና ላይ እኔ እንድነግራት ተፈርዶብኛል።