የባርቶክ የሮማኒያ ጭፈራዎች፦ 3ኛው ላይ ቫዮሊኔ እምቢ አለኝ

ጀማሪው፦
ሰላም ቤተሰብ። ቫዮሊን ከያዝኩ 4 ዓመቴ ነው። ከ3 ሳምንት በኋላ የቤላ ባርቶክን «የሮማኒያ ባህላዊ ጭፈራዎች» ከፒያኖ ጋር እጫወታለሁ። 6 አጫጭር ጭፈራዎች ናቸው። ሁለቱ አስቸገሩኝ። 3ኛው በሃርሞኒክስ (ክሩን ሳይጫኑ ነካ በማድረግ በሚወጣ ፉጨት መሰል ቀጭን ድምፅ) ነው የተጻፈው፤ አንዱ ድምፅ ሲወጣልኝ ቀጣዩ ሲጢጥ ይላል። እህቴ «በር ነው እንዴ የምትከፍተው?» አለችኝ። 5ኛው ላይ ደግሞ ቆጠራው ይጠፋብኛል። እባካችሁ።

የዋሽንት ልጅ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምን ድምፅ እንደምትፈልግ እወቅ። ባርቶክ ይህን ዜማ የሰማው ባናት በሚባል አካባቢ፣ አሁን ሮማኒያ ውስጥ ባለች ኢግሪሽ የምትባል መንደር ነው፤ የተጫወቱለት በእንጨት ዋሽንት ነው። የጭፈራው ስም «ባሉበት» ማለት ነው፣ ጨፋሪው ከቦታው ብዙ አይርቅም። ባርቶክ እ.ኤ.አ. በ1915 የጻፈው ለፒያኖ ነበር። ለቫዮሊን ያመቻቸው ቫዮሊኒስቱ ዞልታን ሴኬይ ነው፤ በሃርሞኒክስ ያደረገው ያን ዋሽንት እንዲመስል ይመስለኛል። እና ቀስትህን እንደ ትንፋሽ አስበው። ዋሽንት ነፊ መሃል ላይ ትንፋሹን ቢቆርጥ ምን ይሆናል? ያው ነው።

ክር በጣሽ፦
ትንፋሹ ጥሩ ነው፣ ግን ችግሩ ግራ እጁ ላይ ነው። ሌባ ጣትህ ክሩን በደንብ ይጫን። ትንሿ ጣትህ ግን ትንካው ብቻ፣ እንዳትጫነው። ሲጢጥ የሚለው ወይ ስለምትጫን ነው፣ ወይ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ርቀት ስለተዛባ። ለ1 ሳምንት ሃርሞኒክሱን ተወውና ሁለቱንም ጣቶች ተጭነህ ኖታዎቹን በየተራ አጫውታቸው። ርቀቱ ትክክለኛ አራተኛ (ከዶ እስከ ፋ ያህል) መሆኑን ጆሮህ ያረጋግጥ። ከዚያ ትንሿን ጣት አቅልላት፤ ከሌባ ጣትህ ኖታ 2 ኦክታቭ (አንዱ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ነው) ወደ ላይ ያለው ድምፅ ይወጣል። ቀስቱን ወደ ብሪጁ (ክሮቹን ደግፎ ወደ ያዘው እንጨት) ትንሽ ጠጋ አድርገው፣ ፍጥነቱም አይዋዥቅ።

እማማ ፒያኖ፦
5ኛው ልጆቼን ሁሉ ያስለቀሰ ነው፣ አይዞህ ልጄ። ባሮቹ (ምቱ የሚከፋፈልባቸው ክፍሎች) 3፣ 3፣ 2 ምት እያሉ ይሄዳሉ። ቁጥሩን ተወው። «አ-በ-ባ፣ አ-በ-ባ፣ ቡ-ና» በል፣ የየቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ላይ በእግርህ ምታ። መጀመሪያ ቫዮሊኑን አስቀምጠህ ቤት ውስጥ እየተራመድክ በለው።

ጠያቂ ነኝ፦
ባርቶክ ሃንጋሪያዊ አይደል እንዴ? የሮማኒያን ጭፈራ ከየት አመጣው?

የዋሽንት ልጅ፦
ሃንጋሪያዊ ነው። ግን ያኔ ብዙ ሮማኒያውያን የሚኖሩባት ትራንሲልቫኒያ በሃንጋሪ ሥር ነበረች። ፎኖግራፍ (የድሮ ድምፅ መቅጃ) ተሸክሞ በሮማኒያውያን መንደሮች እየዞረ ዜማ ቀዳ። የሥራው የመጀመሪያ ስም እንኳን «በሃንጋሪ ያሉ ሮማኒያውያን» የሚል ነገር ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ድንበሩ ሲቀየር ያ ቀረ። 1ኛው ጭፈራ «የዱላ» ነው የሚባለው፤ ሆያ ሆዬ ለጨፈረ ሰው ዱላ እንግዳ አይሆንበትም። 2ኛው «መቀነት» ነው።

ክር በጣሽ፦
የሮማኒያ ሙዚቃ ደራሲ ከፈለግክ ጆርጅ ኤኔስኩ አለልህ። እ.ኤ.አ. የ1901ዱን 1ኛ ራፕሶዲ (በነፃ ቅርጽ የተጻፈ የኦርኬስትራ ሙዚቃ) ስማ። ክላሪኔትና ኦቦ እየተቀባበሉ ቀስ ብለው ይጀምሩታል፣ መጨረሻው ላይ ግን ኦርኬስትራው በሙሉ ያብዳል። ለእኔ ከባርቶክ ይልቅ እሱ ነው የሚያስጨፍረው።

እማማ ፒያኖ፦
እዚህ ላይ አልስማማም። ባርቶክ አጭር ነው፣ ግን አጥንት አለው።

ጀማሪው፦
4 ቀን ሞከርኩ። አበባ አበባ ቡና ሠርቷል፤ አሁን እህቴም ወጥ እየሠራች ትለዋለች። 3ኛው ላይ ዛሬ 8 ባር ያለ ሲጢጥታ ወጣልኝ። የመጨረሻው ፍጥነት ግን ገና ነው። 6ኛውን ስንት ላይ ልጀምረው?

እማማ ፒያኖ፦
የመጨረሻው ፍጥነት ግማሹ ላይ። ሜትሮኖምህን (ምት ቆጣሪህን) አውጣ።