የስተርን ድራይቭ ማርሽ ኬብል ነት አልፈታ ብሎኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ድራይቩ (ከጀልባዋ ኋላ ተገጥሞ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ክፍል) የድሮው መርክሩዘር አልፋ ዋን ነው። ከማርሽ ወደ ፎሌ ስመልሰው ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ ላይ ባለው የማርሽ ፕሌት ሁለቱን ኬብሎች ነጣጥዬ በእጅ ስሞክራቸው የላይኛው (ከማርሽ እጀታው የሚመጣው) እንደ ልብ ይሄዳል፤ የታችኛው (ወደ ድራይቩ የሚሄደው) ግን ይከብዳል። ኬብሉ ሲከብድ፣ ማርሹ እንዲላቀቅ እሳቱን ለቅጽበት የሚያቋርጠው ስዊች ተጭኖ ይቀራል፤ የሚያጠፋውም ይኸው ነው። የዚሁ የታችኛው ኬብል ሽፋን ደግሞ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውሃ ወደ ጀልባዋ ስለሚገባ መቀየር ግዴታ ነው።

ማርሹን ወደፊት አስገብቼ ድራይቩን አውርጄዋለሁ። የቸገረኝ ኬብሉን ከቤል ሃውዚንጉ (ድራይቩ ከሚገጠምበት የአሉሚኒየም ቤት) ጋር ያሰረው ነት ነው። ከአሉሚኒየሙ ጋር በዝገት ተጣብቋል፣ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ይዟል፣ ጠርዙም መላላጥ ጀምሯል። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አልረዳም። ኬብሉ እንዲያልፍ ጎኑ የተሰነጠቀውን ልዩ ቡሶላ አላገኘሁም፤ ስለዚህ አሮጌውን ኬብል ነቱ ሥር ቆርጬ ባለ ስድስት ጎን ረጅም ቡሶላ ላስገባ አስቤያለሁ። ቤሎው ጎማዎቹን (ውሃ እንዳይገባ የሚከላከሉትን እጥፍጥፍ ጎማዎች) ሳላቃጥል ቤል ሃውዚንጉን በሙቅ አየር ማሞቅ ይበቃል ወይስ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ብፈታው ይሻላል? የአሉሚኒየሙ ጥርስ እንዳይበላ በጣም እሰጋለሁ።

ሌላው፣ አዲሱን ኬብል ስገጥም ከነሐሱ በርሜል (ኬብሉ ላይ እየዞረ ልኬቱን የሚያስተካክለው) መሃል እስከ ኬብሉ ጫፍ ቀዳዳ መሃል 6 ኢንች (152 ሚሊ ሜትር) አድርጌ ልጀምር ነው። ፕሮፔለሩን በእጅ እያዞርኩ ማርሹ ሙሉ በሙሉ መግባቱን ሳረጋግጥ ልኬቱ ቢዛነፍ፣ በርሜሉን ነው የማዞረው ወይስ የላይኛውን ኬብል? የሠራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።